ቀለበቱን አልተረትርም

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከእጥበት ክፍሉ አጠገብ፣ ባለ አንድ መስኮት የስፌት ክፍል አለ። እዚያ የምትሠራዋን ሴት ሁሉም «እትዬ ሜትር» ይላታል፤ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ተኝታም አታወልቀውም እያሉ ያሟታል፤ ባሏ ሲጠየቅ ይስቃል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላና የቀዶ ሕክምና ጋውን የሰፋችው በቀን ሠራተኝነት ነው። ቋሚ ቅጥር የሚባለው ነገር ፎቅ ላይ ይወራል እንጂ ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከሕክምና ትምህርት ቤቱ አንዲት ወጣት መምህርት ወረደች።

«እትዬ፣ አንጎል ይሰፉልኛል?»

«የማንን?»

«ለተማሪዎች ማሳያ። የፕላስቲኩ ተሰበረ። ከተሳካ የክፍሉ ኃላፊ የቋሚ ቅጥርዎትን ደብዳቤ እፈርማለሁ ብለዋል።»

«ሰውየውን ሳላይ ልብስ አልሰፋም። መጀመሪያ ልየው።»

መምህርቷ ፎቅ ወስዳ ከፎርማሊን ብልቃጥ የወጣ አንጎል ትሪ ላይ አስቀመጠችላት። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ በሮጠ ነበር። እትዬ ሜትር ጓንት አጥልቃ ለካችው። እጥፋቱን ስታይ «አይ! ብዙ ጨርቅ በትንሽ ሻንጣ!» አለች። ለሁለት የተከፈለውን ዋናውን አንጎል፣ ከኋላ ከሥሩ የተሸጎጠውን ትንሹን፣ ወደ ታች የሚወርደውን ግንድ ሁሉ ለክታ ስታበቃ ገለበጠችው።

ደሙ የሚገባው በታች በኩል ነው። በአንገት ፊት ግራና ቀኝ ሁለት ደም ቅዳዎች ይወጣሉ፤ በአከርካሪ በኩል ሌላ ሁለት መጥተው ግንዱ ላይ አንድ ይሆናሉ። የፊቶቹና የኋላዎቹ ከአንጎሉ ሥር በቀጫጭን ማያያዣዎች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ።

«ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት እጅ አንዱን ብቻውን ይወስዳል» አለች መምህርቷ።

«ሆዳም!»

«ቀለበቱ ደግሞ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ደሙ በሌላው ዞሮ እንዲመጣ ነው።»

እትዬ ሜትር ሳቋን አቆመች። ታላቅ እህቷ ፊቷን እየታጠበች ሳለ አፏ ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ወድቃ፣ በአራተኛው ቀን ነው ያረፈችው። ስትሮክ ነው፣ ደም ቅዳ ተዘግቶ ነው ተባለ፤ ሌላ የነገራት የለም።

«ታዲያ የእህቴ ለምን ዞሮ አልመጣም?»

መምህርቷ በመቆንጠጫ ከቀለበቱ ግራ በኩል አንዷን ማያያዣ ነካች። ክር ታክላለች። «ሁሉም ሰው ላይ ሙሉ አይደለም። እንዲህ የሳሳበት፣ ጭራሽ የሌለውም አለ። የእህትዎትን ባላየውም፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል።»

ሦስት ሳምንት ሰፋች። አንጎሉን በግራጫ ጨርቅ፣ ደም ቅዳዎቹን ጥጥ በተሞላ ቀይ ቱቦ ሠራች። ያቺን የግራ ማያያዣ ግን በአንድ ቀይ ክር ብቻ አሳለፈቻት።

ኃላፊው ደብዳቤውን ይዞ ወረደ። ቅጽል ስሙ «መጽሐፉ» ነው፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ እንደምን አደርክ አይልም። አንጎሉን አገላብጦ «ግሩም!» አለና ክሯ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተኮሳተረ።

«እዚህ ጋ ቱቦ ረስተዋል።»

«አልረሳሁም። እንዲያ ነው።»

«መጽሐፉ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ይተርትሩትና ያስተካክሉት፣ ከዚያ እፈርማለሁ።»

«አልተረትርም።»

የእጥበት ክፍሉ ሴቶች ማሽናቸውን አጥፍተው ጆሯቸውን አቆሙ።

«እትዬ፣ ፊርማው እኮ እኔ እጅ ላይ ነው!»

«መርፌውም እኔ እጅ ላይ ነው። ተማሪዎችዎ የሁሉም ሰው ቀለበት ሙሉ ነው ብለው ከወጡ፣ የእህቴን መሰል ሰው አልጋ ሥር ቆመው ‹አይዞሽ፣ ዞሮ ይመጣል› ሊሉ ነው። አይመጣም! ብልቃጥ ስንት አለዎት?»

«አራት።»

«አንዱን አይቻለሁ። ሦስቱን ይክፈቱ። ሦስቱም መጽሐፉን ከመሰሉ እዚሁ ፊትዎ እተረትራለሁ።»

ብልቃጦቹ ከፎቅ ወርደው ተከፈቱ። አንደኛው ቁርጥ መጽሐፉን ነው። ሁለተኛው በቀኝ በኩል ማያያዣ የሚባል ነገር የለውም። ሦስተኛው ግራና ቀኙን ከፊት የሚያገናኘው ማያያዣ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ኃላፊው መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«አጋጣሚ ነው።»

«ከአራት ብልቃጥ ሦስት አጋጣሚ! እዚህ ቤት አጋጣሚ በሽ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

«አለቀልሽ!» አሏት የእጥበት ሴቶች። «አንድ ክር ብለሽ እንጀራሽን በጠስሽው። ብትተረትሪው ምን ነበረበት?»

«ውሸት መስፋት ከፈለገ ራሱ መርፌ ይያዝ» አለችና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

መምህርቷ ግን አንጎሉን ክፍል ይዛ ገባች። ተማሪዎቹ ያችን ክር እየነኩ ጥያቄ በጥያቄ አደረጓት፤ አንዳንዱም ጥያቄውን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄደ። በወሩ መጽሐፉ ራሱ ወረደ።

«የቀሩትን ሦስቱንም ይስፉልን። እንደታዩት።»

«በቀን ሠራተኛ? አይሆንም።»

እጥፋቱ የላላ ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ። ተፈርሟል። በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ጀርባውንም አየችው።

«ማህተሙስ?»

«እ... ማህተሙ እንኳ ፎቅ ላይ ነው።»

«ደረጃውን ያውቁታል» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

ሊፍቱ ተበላሽቷል። መጽሐፉ አራት ፎቅ በእግሩ ሲወጣ የእጥበት ሴቶች እርምጃውን እየቆጠሩ ይስቁ ነበር። እትዬ ሜትር ማህተሙ እስኪመጣ ድረስ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።