ላስቲኩ ያልተቀደደ ዊልቸር

ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የገባሁ ቀን ግቢው በፊኛ አጊጦ ጠበቀኝ። ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በተከራየነው ቤት የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የምንረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ነን። ወላጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ልጆቻቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ለምን ቢባል ለእኔ ሊያጨበጭቡ! ስሜ በክሬም የተጻፈበት ኬክ መጣ። ለልጆቹ የሚቆረስ መስሎኝ ነበር። ወይ ሞኝነት! ለእኔና ለቦርዱ አባላት ተቆረሰ፣ ለእነሱ ብስኩት ታደለ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። የታዘለችው ሕፃን አይደለችም፤ እግሮቿ ከእናቷ ጉልበት በታች ወርደው ይወዛወዛሉ። የመጡት ከፉሪ ነው። ወያላዎቹ «ቦታ ትይዛለች» እያሉ ስለማይጭኗቸው አብዛኛውን መንገድ እናትየው በእግሯ ነው የምትመጣው።

«ወገብሽን አያምሽም?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ወገብ የሚባል ነገር መች ተረፈኝ!» ብላ ሳቀች። «ወንበር ይመጣላታል ብለውኛል። እሱን ነው የምጠብቀው።»

ከሰዓት የንብረት ክፍሉን አስከፈትኩ። ዊልቸሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የተጠቀለሉበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም፤ አቧራ ግን ጠግበዋል። አንደኛው ላይ ጠዋት እናቷ የነገረችኝ የዚያች የታዘለችው ልጅ ስም ተለጥፏል። ደሜ ፈላ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችንን። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው።

«ርክክብ አልተደረገም እኮ» አለኝ፣ እንዴት ይሄ ይጠፋታል በሚል ዓይን እያየኝ።

ለካስ እዚህ ቤት ለጋሾቹ በአካል ካልመጡ፣ ባነር ካልተሰቀለ፣ ካሜራ ካልተጠራ፣ አንድም ነገር ከመጋዘን አይወጣም። የእንግዶቹ ጉዞ ደግሞ ተራዝሟል፤ ከዚያም እንደገና ተራዝሟል። ላስቲኩም ያልተቀደደው አዲስነቱ በፎቶ እንዲታይ ነው።

«እና እስከዚያ እናትየው ትሸከም?»

«እነሱ ለምደውታል» አለኝ።

ለምደውታል! ኤዲያ! ማታ የቦርዱ ሰብሳቢ ደወሉልኝ፤ ወሬው ደርሷቸዋል። «ተይ አትቸኩይ ልጄ፣ ለጋሾቹ ቅር ይላቸዋል» አሉኝ። የእናትየው ወገብ ቅር ይለው እንደሆነ የጠየቀ የለም። ነገ እሰጣለሁ ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው።

በማግስቱ አስጠርቻቸው እናትና ልጅ ሲመጡ ወንበሩን ወደ ግቢው አስወጣሁት። ላስቲኩን በገዛ እጄ ቦጫጨቅኩት። ሠራተኞቹ ዳር ዳር ቆመው ያዩኛል። ያ ሽቶ የሚሸተው ሰውዬም ስልኩን ደግኖ መጣ፤ መቼስ ፎቶ አያመልጠውም።

እናትየው ቁጢጥ ብላ ልጅቷን አወረደች። በብብቷ ይዘን ልናስቀምጣት ሞከርን፤ አልገባችም። አስተካክለን እንደገና ሞከርን። ብረቱ ዳሌዋን ግራና ቀኝ ያዛት።

«ጠበበኝ» አለች ልጅቷ፣ በቀስታ።

ለወንበሩ ሲለኳት ትንሽ ልጅ ነበረች። ወንበሩ እንግዳ ሲጠብቅ እሷ አደገች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እጄ ላይ የላስቲኩ አቧራ ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግኩት።

«ግድ የለም» አለ ሰውዬው ስልኩን ሳያወርድ። «ለፎቶ ያህል ጠርዙ ላይ ትቀመጥ። ጋቢ ጣል ብናደርግባት አይታወቅም።»

ምራቄ መረረኝ። ብተፋበት ደስ ባለኝ።

«ጥፋ ከፊቴ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። ሰውዬው አኮረፈ እንጂ አላፈረም። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ቢሮው ሄደ።

እናትየው ግን ደነገጠች። የተቆጣሁት በእሷ መስሏት ሮጣ እጄን ያዘችኝ።

«በእመቤቴ፣ አይቆጡ እትዬ» አለችኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ገንፎ ትወዳለች ብዬ አብዝቼባት ነው።»

ከዚያ ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ለልጇ ሰጠች።