በኃላፊው ስም የተፈታ ጥያቄ

በዚያ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ አንድም ወረቀት ያለ ኃላፊ ስም ከላቦራቶሪ አይወጣም። ሙከራውን ማን ሠራው፣ ማን ጎንበስ ቀና ሲል ዋለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከላይ የኃላፊው ስም ይሰፍራል፤ ከታች ጥግ ላይ «ያዘጋጀው» የምትል ጠባብ መስመር አለች። እትዬ ሚዛን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ሚዛን ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው። ዱቄት በማንኪያ ዝቃ «ሃያ ግራም» ካለች ሃያ ግራም ነው፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይመዝናል፣ ተመልሶም ይቅርታ ይጠይቃል። ቀለሙ ሲያስቸግር፣ ደንበኛ ጋሎኑን ተሸክሞ እየተሳደበ ሲመጣ የምትጠራው እሷ ናት። የኬሚስት ቦታ ሲከፈት ግን «ዲግሪ የለሽማ!» ይሏታል። ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስቴም ይህንኑ ሰማች። በሦስተኛው ቦታውን ያገኘው የዛሬው ኃላፊዋ ነው፤ ቀለም አበጣበጥ ያስተማረችውም እሷው ራሷ። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ሲሰጡት እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከክፉው ይብሳል።

ነገሩን ያመጣችው ኮምፒውተር የምትማረው ልጇ ናት። ትልልቅ ኩባንያዎች ያቃታቸውን ጥያቄ የሚለጥፉበት፣ ከየትም አገር ማንም ሰው መልስ የሚልክበት የኢንተርኔት ገጽ አግኝታ ስልኩን ለእናቷ ዘረጋችላት።

«እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ አይደል?»

አንድ ሩቅ ያለ ቀለም አምራች ነው የጠየቀው። ቀለሙን የሚያወፍረው ዱቄት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጓጉላል፤ መሐንዲሶቹ ትልቅ ማማሰያ ገዙ፣ ውሃ አሞቁ፣ ጓሉ አልሟሟ አለ። መፍትሔ ላገኘ ሰው ስሙ ታውጆ «ችግሩን የፈታ» የሚል ሰርተፍኬት ይላክለታል።

«ዲግሪ አይጠይቁም?»

«አይጠይቁም። መልሱን ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

እትዬ ሚዛን ይህን እንደሰማች ልቧ ተነሣ። ያንን ሰርተፍኬት ይዛ አራተኛ ማመልከቻ ታስገባለች፤ ያኔ ምን እንደሚሏት ታያለች! መልሱን ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ ነው ያወቀችው። ቢሆንም ሚዛን ናትና በግምት አትናገርም። ኃላፊዋን አስፈቅዳ ሦስት ሳምንት የምሳ ሰዓቷን ላቦራቶሪ አሳለፈች። እሱም ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ፈቀደ። ዱቄቱን ወደ ውሃው ከመክተቷ በፊት፣ ከቀለሙ ቅመሞች አንዱ በሆነው ዘይት ጥቂት እሽት አደረገችው። አሥራ አራት ጊዜ ሞከረች፤ አንዴም አልጓጎለም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ቅጹን ለመሙላት ተቀመጡ።

«የፈታው ሰው ስም ይላል» አለች ልጅቷ።

«የኃላፊዬን ጻፊ።»

«ምን?»

«ጻፊ እንጂ! በሱ ላቦራቶሪ አይደል የተሠራው? ኃላፊ የሌለበትን ወረቀት ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እኔን ከታች ‹ያዘጋጀው› ላይ ታደርጊኛለሽ።»

ልጅቷ ገጹን እስከ ታች ወረደችው። «እማዬ፣ ‹ያዘጋጀው› የሚል የለም።»

«ቀጥሎ ይመጣል። አድራሻም የላቦራቶሪውን አድርጊ።»

ቀጥሎ የመጣው «ተልኳል» የሚል ብቻ ነበር። ይሉኝታ ሰው ይገድላል ሲባል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ያ ገጽ የጠየቀው ዲግሪም ኃላፊም ሳይሆን የአንድ ሰው ስም ነበር፤ እሷ የራሷን ስም ብቻውን ማስቀመጥ ድፍረት መሰላት።

ከአራት ወር በኋላ መልሱ መመረጡን የሚያበስር ደብዳቤ በኃላፊው ስም ላቦራቶሪው ደረሰ። ኃላፊው አንብቦ ግራ ገብቶት መጣ።

«እትዬ ሚዛን፣ ይሄ ምንድነው? ተሳስተው መሰለኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናስተካክለዋለን» አለ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ከሰዓት በሠራተኛው ፊት እጁን ጨበጠው። ሐሙስ ዕለት ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። «እናስተካክለዋለን» ያለው ሰው «ትንሽ ይብረድ» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «ዞሮ ዞሮ የፋብሪካችን ስም አይደል?» አለ። ልጅቷ ለገጹ ባለቤቶች ጻፈች። የተመዘገበው ሰው ራሱ ካልጠየቀ ስም አይቀየርም አሏት።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ!»

«ነግረሽኛል» አለች እናት። ሌላ ምን ትበል? በገዛ እጇ ነው።

ከዚያ ጥያቄውን የለጠፈው ኩባንያ ችግሩን የፈታውን ሰው በቪዲዮ ማነጋገር ፈለገ። ኃላፊው አጥብቆ ለመናት፤ ካሜራው ከማያያት ቦታ፣ ከጎኑ ተቀምጣ መልሱን በወረቀት እንድትጽፍለት። እሺ አለች። ሞኝ ሆና አይደለም። የሆነ ቦታ ላይ ያፍርና ላፕቶፑን ወደ እኔ ያዞረዋል ብላ ነው።

ስክሪኑ ላይ አራት ሰዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እሷ እየጻፈች እሱ በእንግሊዝኛ መለሰ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ፣ ይህ ሐሳብ መጀመሪያ እንዴት እንደመጣ ጠየቀች።

እትዬ ሚዛን ብዙ ጻፈች። እናቷ ከታመመች በኋላ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላት እንደነበር፣ ሐኪሞቹ የምትጠጣውን በዱቄት አወፍሩላት እንዳሉ፣ ዱቄቱ ጓጉሎ አንድ ቀን ልትታነቅባት እንደነበር። ከዚያ ዱቄቱን አስቀድማ በአንዲት ማንኪያ ማር ለወሰችው፤ ውሃውም ጓል ሳይኖረው ተጠጣ። እናቷ እስክትሞት ሰባት ወር እንዲህ አጠጣቻት። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን የጻፈችው ሆን ብላ ነው፤ ይህን የኔ ነው የሚል ሰው አይኖርም ብላ።

እሱ አነበበው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እናቴ ታማ ሳለች» ብሎ ጀመረ። እናቱ ደህና ናት፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት «በላህ ወይ?» ብላ የምትደውልለት ሴት ናት። ማሩንም፣ ማንኪያውንም፣ ሰባቱንም ወር አንድ ሳያስቀር የራሱ አደረገው። እትዬ ሚዛን እንግሊዝኛዋ ጥቂት ቢሆንም ይህን ለመረዳት በቂ ነበር።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። «በእናትህ ሞት አዝነናል» አሉት ተራ በተራ።

«አመሰግናለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከባድ ጊዜ ነበር።»

ከአራቱ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ፦ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ከሆነስ ዘይቱ ምን ያህል ይጨመር? በላኩት ጽሑፍ ውስጥ ይህ አልነበረም። ኃላፊው ሳያያት በክርኑ ነካ አደረጋት። እትዬ ሚዛን መልሱን ታውቀዋለች። አንዲት መስመር ጽፋ ወረቀቱን ገፋችለትና ተነሥታ ወጣች።

«እናትህን ጠይቃት» ይላል።

አራተኛ ማመልከቻ አላስገባችም። ሰርተፍኬቱ በወሩ መጣና ኃላፊው ቢሮ ተሰቀለ። ኩባንያው አዝኖለት ኖሮ ከስሙ ሥር አንድ መስመር ጨምሮለታል፦ «ለእናቱ መታሰቢያ»።