ጦሩንና ሲቪሉን ሄሊኮፕተር ለአባቴ ሳስረዳ

አባቴ አንድ ነገር ከጠሉ ጠሉ ነው፤ ሽማግሌ ቢላክባቸውም አይመለሱም። የሄሊኮፕተር ጥገና ለመማር ፈተናውን ማለፌን የነገርኳቸው እንጅባራ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ለጉግስ የሚወጡበትን ፈረስ ኮርቻ እየሰፉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የጦር ዕቃ የምትጠግን ልጅ የለችኝም» አሉ።

እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ፤ ትምህርቱን አልተውም። ሳልመረቅ ግን ከቤት መውጣት አልሆነልኝም፤ የአባት ምርቃት ሳልይዝ ሩቅ አገር መሄድ ስንቅ ሳልይዝ እንደመሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሄሊኮፕተር ሠሪ ፋብሪካ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ከሥር ከመሠረቱ ልነግራቸው ቆረጥሁ።

«አባዬ፣ ይስሙኝ እስቲ» ብዬ ጀመርሁ። ፋብሪካው መጀመሪያ የሠራው ለጦር ሠራዊት ነው፤ ባለ አንድ ሞተር፣ ወታደርና ቁስለኛ የሚያነሳ። ቀጥሎ በዚያው ንድፍ ለሲቪል ሠራ፤ የመሣሪያውን ነገር ትቶ ወንበርና የበሽተኛ አልጋ አስገባ። ሲቪሎቹ ተራራና ባሕር ስለሚያቋርጡ፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርሳቸው ሁለት ሞተር አደረገላቸው። ጦሩም ይህን አይቶ ለራሱ ባለ ሁለት ሞተር አዘዘ።

አባቴ መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰክተው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ገባኝ» አሉ። «የጦሩ ሲያረጅ ለበሽተኛ ይሰጡታል።»

ሳቄ መጣ፤ ተናደድሁም። እኛ ዘንድ የጉግስ ፈረስ ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ጋሪ ይወርዳል፤ ሄሊኮፕተሩም እንደዚያ መስሏቸዋል።

«አይደለም አባዬ፤ የአንዲት ባዝራ ልጆች ናቸው። አንዱ ገና ከውርንጭላነቱ ለጉግስ ተገራ፣ ሌላው ለጋሪ።»

ይህስ በደንብ ገባቸው፤ ገባቸውና ባሰ። «እንግዲያ የአንዱን ሕመም ያወቀ የሌላውንም ያውቃል። ነገ ወደ ጦሩ ቢመድቡሽስ?»

ለሁሉ ተዘጋጅቼ ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ፈራሁ። «እንቢ እላለሁ፤ እንጀራዬ ቢቀርም ይቅር» አልሁ።

«ለእኔ እንቢ ማለቱንማ ታውቂበታለሽ» አሉ። «ለእነሱ በይ።» ከዚያ ራሴን ይዘው፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ።

ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ሥራ የጦሩ ነበር። እንቢ አልሁ።

ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ባጃጅ እጠግናለሁ። ያንገበግበኛል፤ አልዋሽም። የሲቪል ሄሊኮፕተር ጥገና ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እወዳደራለሁ፤ እስኪሳካልኝም አልተውም። በቀደም አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ከጋራዡ በር ላይ ቆመው ሳሉ አንድ ደንበኛ፣ «ሄሊኮፕተር ተምራ ባጃጅ ሥር ተኛች!» ብሎ አሾፈ። ከባጃጁ ሥር ሆኜ የአባቴን እግር ብቻ አያለሁ። ንቅንቅ አላሉም።

«መርጣ ነው የተኛችው» አሉት።