ከዝርዝሩ ሥር የሰመጠው ውል

የትናየት ታዘበው የቢቸና ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ስላልመጣላት ሞጣ ሄዳ በዘመነ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ተቀጠረች። ኮምፒውተር ያስተማራት የለም። ይህን አስምሬ የምናገረው፣ በእኛ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ያልያዘ ሰው ምንም አያውቅም የሚል ደንቆሮ እምነት ስላለ ነው።

ዘመነ ባለቤት ነኝ ይበል እንጂ፣ የጻፈው ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። ሁሉንም ፊት ለፊት ገጹ ላይ ይጥለዋል፤ ገጹ የተደፋ ጥሬ ይመስላል። የገበሬ ማመልከቻ ሲጠፋበት «ኮምፒውተሩ በላው» ይላል። ገበሬውም አምኖ እንደገና ያስጽፋል። የትናየት ግን ማሽን ጽሑፍ እንደማይበላ ገባት። ደንበኛ ሲጠፋ «ማይ ኮምፒውተር» የሚለውን ትከፍትና ትዞራለች። ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር አለ፤ በዚያም ውስጥ ሌላ። መግባቱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ መውጣቱ ላይ ነው። ስትጠፋ፣ ስትገኝ፣ ከመስኮቱ አናት ያለችው ቀስት ወደ መጣችበት እንደምትመልሳት ደረሰችበት። ከዚያ «ማመልከቻ»፣ «ውል»፣ «እድር» እያለች ፎልደር ከፈተች። ዝርዝሩንም በቀን መደርደር ለመደች፤ የዛሬው ሥራ ከላይ፣ የቆየው ከታች።

ግንቦት 2002 ላይ ለዘመድ ተዝካር አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ ቢቸና ደርሳ ተመለሰች። «ውል» የሚለውን ስትከፍት የፋይሎቹ ቁጥር በአንድ ጨምሯል። ከላይ ግን አዲስ ነገር የለም። ወደ ታች ወረደች። ከሁሉም ሥር እሷ ያልጻፈችው ፋይል ተጋድሟል። ቀኑ 1999 ይላል።

ከፈተችው። አቶ ወልደ ኪዳን የተባሉ አዛውንት መኖሪያ ቤታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለሰማው በስጦታ የሰጡበት ውል ነው። «ሚያዝያ 12 ቀን 1999 ዓ.ም. ተጻፈ» ይላል። አቶ ወልደ ኪዳን ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። ሚስታቸው እማማ ፈንታነሽ ዛሬም እዚያው ቤት ይኖራሉ፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም።

የትናየት ቀኑን አየችው፣ ደግማ አየችው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የፈረንጅ 1999 ደግሞ የእኛ 1991 ነው። ማሽኑ የተገዛው በ1998! ነገሩ ተገለጠላት። ዘመነ የማሽኑን ቀን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ውሉን ጽፎ፣ መልሶ አስተካክሎታል፤ ማሽኑም ፋይሉን መጨረሻ በተከፈተው ፎልደር፣ በ«ውል» ውስጥ፣ ራሱ አኑሮታል። ሲያዞር ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን የእኛን ዓመት እንዳለ ከተተው። ውሉ ማሽኑ ከመገዛቱ ሰባት ዓመት በፊት በዚያው ማሽን ተጻፈ ማለት ነው።

ፋይሉን እንደነበረ ዘጋችው። በሳምንቱ ሰማው ጽሑፍ ቤቱን አዘወተረ። የሚያስጽፈው የለውም። የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ በቢላዋ ይልጣል።

«የየት አገር ልጅ ነሽ እህቴ?» አላት አንድ ቀን።

«የቢቸና።»

«ቢቸና የት ጋ?»

«እዚያው።»

«ሰፊ ነው እንዴ ቢቸና?» ብሎ ሳቀ። ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሰማው ቤቱን ልረከብ ሲል እማማ ፈንታነሽ «ወረቀቱ ትናንት የተጻፈ ነው» ብለው ጮኹ። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ዘመነም «ኮምፒውተሬ ይመሰክራል፤ ቅዳሜ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ» አለ። ዓርብ ዕለት የትናየትን ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ቀን የሚያሳየውን አሳዪኝ። ነገ አፌን ይዤ እንዳልቆም።»

አሳየችው። እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ገባ፣ ወጣ፣ ጠፋ። «እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ይጫኑ ጋሼ። አሁን ወደ ታች ይውረዱ» አለችው። ወረደ።

«1999! ጎሽ! ወረቀቱም 1999፣ ይሄም 1999። ልክ ነው አይደል?»

ሰማው መላጡን ትቶ ያያታል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር፣ እርስዎ አንባቢ? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ዘመነ ቀኑን በደንብ አስተካክሎ፣ አሮጊቷን ከቤታቸው ያስወጣ ነበር።

«እርስዎ ያስገቡትን ነው የሚያሳየው፣ ጋሼ» አለችው።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ጠባቧ ቤት ውስጥ ተፋፍገው ቆሙ። እማማ ፈንታነሽ በሩ ሥር ቁጭ አሉ፤ ሰማው አግዳሚው ላይ ሸንኮራውን ይልጣል። ዘመነ በኩራት ገብቶ፣ ወርዶ፣ በጣቱ ጠቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች «ይኸው ነዋ» ተባባሉ። ሦስተኛው፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ አንገታቸውን አስግገው ቆዩ።

«ይህ 1999 የማን ነው?»

«የዓመተ ምሕረት ነዋ የኔታ፣ የማን ይሆናል!» አለ ዘመነ።

«የፈረንጁ ዓመት በሰባትና በስምንት ይቀድመናል። ዕቃው ደግሞ ከፈረንጅ የመጣ ነው።»

«ኧረ የኔታ! አማርኛ ይጽፋል እኮ!»

መሪጌታ አልሳቁም። ወደ የትናየት ዞሩ። «ልጄ፣ ታውቂያለሽ?»

የሸንኮራው ልጣጭ መውደቁ ቆመ። የትናየት ማውሱን ወስዳ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ አሳረፈችው። የዕለቱ ቀን ብቅ አለ።

«ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው የኔታ?»

«2002።»

«ይሄ 2010 ይላል። በሱ 1999 ማለት በእኛ 1991 ነው። ጋሼ ዘመነ ማሽኑን የገዙት በ1998 ነው፤ ሲያወርዱት ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል።»

ሽማግሌዎቹ ቤቱን ለእማማ ፈንታነሽ አጸኑ። አሮጊቷ መሬት ሳሙ። መሪጌታ ለልጅቷ «ዕድሜ ይስጥሽ» አሏት። ዕድሜ! ምርቃት ሰጥተው ለምሳ ሄዱ። እኔም በር ላይ ቆሜ አጨበጨብሁና ለምሳዬ ሄድሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ከዘመነና ከሰማው ጋር ማን እንደቀረች የጠየቀ አንድ ወንድ አልነበረም። አጨብጫቢ ሁላ!

ዘመነ «ዕቃሽን ሰብስቢ» ብቻ አላት። ሰማው ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሄደች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሰማው ገብቶ ከኋላዋ ተቀመጠ። «ቢቸና» ብሎ ቲኬት ቆረጠ። ቢቸና አንድም ዘመድ የለውም፤ ይህን ሞጣ ሁሉ ያውቃል፤ መናኸሪያ የነበረው ሁሉ አይቶታል። ጉንደ ወይን ላይ ሰው ወርዶ ሌላ ሲገባ፣ ቦታ ቀይሮ ከጎኗ ሆነ።

ስትወርድ ወረደ። ስትራመድ ተራመደ።

«ታዲያ ቤትሽ የቱ ነው?» አላት ከኋላዋ፣ እንደ እንግዳ በለዘበ ድምፅ።

በእናቷ በወለተ ሥላሴ ደጅ ስታልፍ አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ፣ እንደማታውቀው ሰፈር ቀጥ ብላ አለፈች። አሥር እርምጃ ያህል እንደራቀች እናቷ ከአጥሩ ውስጥ አዩዋት።

«የትናየት! ልጄ!» አሉ በደስታ፤ በሩንም ወለል አድርገው ከፈቱት።