የስልክ ቤቱ ወረፋ

ልጄ የባንክ መረጃ የሚቀመጥባቸውን ሰርቨሮች ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት እቤት ሆና ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ብትቆይብኝ «ምን ሆነሽ?» አልኳት።

«ጭነቱ ከፍ ብሏል፤ ማሽኑ ግን ሥራ ፈት ነው» አለች።

ጉድ እኮ ነው! ሥራ የፈታ ምን ጭነት አለው? ሦስት ቁጥሮች አሳየችኝ፤ የአንድ፣ የአምስትና የአሥራ አምስት ደቂቃ የጭነት አማካይ። የመጀመሪያው ከመጨረሻው ከበለጠ የሥራዎቹ ወረፋ እየባሰ ነው ማለት ነው።

«የሚቆጠረው እየተሠራ ያለው ሥራ ብቻ አይደለም እማዬ። ተራ የሚጠብቀውም፣ መረጃው ካለበት ከዲስኩ መልስ የሚጠብቀውም ይቆጠራል። አሁን ዲስኩ ዘግይቶ ሁሉም እሱን ይጠብቃል።»

ገባኝ። እንዲያውም እሷ ሳትወለድ አውቀው ነበር።

በደርግ ዘመን ነው፣ በቡሄ ማግስት። ከተማችንን ደብረ ታቦርን ጭጋግ ውጧታል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ከወታደር ማሠልጠኛ ወጥቶ «በቡሄ ማግስት ማታ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይወስዱናል፤ ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ስልክ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ በመንገደኛ ልኮብን ነበር። እናቴ ከቡሄ የተረፈ ሙልሙል በነጠላዋ ቋጥራ በጠዋት ወደ ከተማችን ስልክ ቤት ሄድን።

አግዳሚው ሞልቷል። ኦፕሬተሯ ግን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ደሜ ፈላ። «ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጣ ሥራ ትፈታለች!» ብዬ አጉረመረምኩ።

ሰማችኝ። «እህቴ፣ የአዲስ አበባው ጥሪ የሚያልፍባት፣ ወደ ጎንደር ያለችን መስመር አንድ ናት። እሷ እስክትለቀቅ እኔስ ምን ላድርግ?»

ተራችን ሲደርስ አንድ ሰውዬ እያለቀሰ ገባ። በስልክ ቤት ማንም ያልጻፈው ደንብ ነበር፤ ሬሳ ያስቀመጠ ይቀድማል፣ ቀብር ቀጠሮ አያውቅምና። እናቴ ተነሥታ አሳለፈችው። ቆየት ብሎ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ክፉ ዘመን ነበር።

«እማ፣ አሁንስ ይበቃል፤ ጌታሁን ይሄዳል እኮ!»

«ዝም በይ! የኔ በሕይወት አለ። እሱ ሬሳ አስቀምጦ እንዴት ልቅደመው?»

ሙልሙሉን ቆርሳ ሰጠችኝ።

መስመሯ የተለቀቀችልን አመሻሽ ላይ ነው። ኦፕሬተሯ ጠራች፣ አዳመጠች፣ ማዳመጫውን ቀስ አድርጋ ከጆሮዋ አወረደች።

«ሄዷል አሉ፣ እማማ።»

ጌታሁን ከሰሜን አልተመለሰም።

ልጄ ያን ዕለት ማምሻውን «ወረፋው ቀለለ» ብላ ኮምፒውተሯን ከደነች። እኔን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ፣ ድንገት ቀና ብላ «እስከ ስንት ሰዓት ጠብቆኝ ይሆን?» ትለኝ ነበር።