ጦጣዋ ቀርታ ዋኔዎቼ በረሩ

ዛሬ ጠዋት ጅራፌን ባጮኸው ጦጣዋ ዞር ብላ አየችኝና መብላቷን ቀጠለች፤ ዋኔዎቼ ግን አንድም ሳይቀሩ በረሩ።

ሶደሬ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ እሷ ታደርግ እንደነበረው ጓሮ ለዋኔዎች ማሽላ በሳህን አስቀምጣለሁ። አልፎ አልፎ ከምትመጣው ልጄ በቀር ሌላ ቤቴን የሚረግጥ የለም። ጦጣዋ ግን ሳህኑን ዛፍ ላይ ብሰቅለውም ወጥታ ትገለብጠዋለች።

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችንን ማሽላ ከወፍ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ማማ ላይ ሆኜ ይህን ጅራፍ ሳጮኸው ወፍ ዝር አይልም ነበር!

ልጄ ይህን እየጻፈችልኝ፣ «አባዬ፣ ዛሬም ያባረሩት ወፍ ነው እኮ» ብላ ትስቃለች።

እስካሁን አንዷም አልተመለሰችም። ወፍ ሳያስደነግጥ ጦጣ ያባረረ ካለ ዘዴውን ይንገረኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄም ነገ አዳማ ትመለሳለች። እባካችሁ፣ ሳትሄድብኝ ጻፉልኝ።