ያፈረስኋቸው ካርቶኖች

የስዕል መምህሬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አንድ የክረምት ጠዋት ባጃጅ ሙሉ ካርቶን አስጭነው ደብረ ታቦር ቤቴ ደጃፍ ላይ ወረዱ። እኔ ያኔ እሳቸው ባስተማሩኝ ትምህርት ቤት፣ በእሳቸው ቦታ ተተክቼ ስዕል አስተምር ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ አንች ዘንድ ይቀመጡ» አሉኝ። «እኔ ቤት አይጡም ጭሱም ፈጃቸው። ስፈልግ እየመጣሁ እወስዳለሁ።»

ይህን ብለው በዚያው ባጃጅ ተመለሱ።

ካርቶኖቹ ውስጥ የነበረው ማርከር ነው፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ፍሎማስተር ይሉታል። ከገበያው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ በባሕር ዳር ሚኒባስ ሾፌር እጅ እያስመጡ፣ አገር ሊጎበኝ መጥቶ ትቶላቸው ከሚሄድ እንግዳም እየተቀበሉ ለብዙ ዓመታት የሰበሰቡት ነው። ከአራት መቶ ይበልጣል። ተማሪ ሳለሁ አንዱን እንኳ እንድነካ አይፈቅዱልኝም ነበርና፣ ሁሉም ቤቴ ሲገቡ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስታው ካርቶኖቹን እስክከፍት ነበር። ዐሥራ ሰባት የጫማ ካርቶን ነው፤ በአንዱም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አንዱን ብከፍት ጭስ የመሰለ ግራጫ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ሮዝ፣ ፈዛዛ ቢጫና አንድ ጥቁር ቡናማ አብረው ተኝተዋል። ሌላውም እንዲሁ ድብልቅልቅ ያለ ነው። አረንጓዴ ብቻ ስድስት ካርቶን ውስጥ ተበትኖ አገኘሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ሲደክም በእጃቸው የገባውን ሁሉ ጠቅጥቀውበት ነው ብዬ ደመደምሁ፤ አዘንሁላቸውም።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ክረምቱን በሙሉ ለዚህ ሰጠሁ። ክዳኑ የሚያሳየው ቀለምና ውስጡ ያለው ስለማይገናኝ እያንዳንዱን ወረቀት ላይ መሞከር ነበረብኝ። ቀይ ብዬ የከፈትሁት ቡናማ ይጽፋል። አንዳንዱ ደርቆ ወረቀቱን ይቧጭረዋል። ሁለት ጫፍ ያላቸውን ለጥቂት ቀን ብርጭቆ ውስጥ አቁሜያቸው የላይኛው ጫፍ ነጣ፤ ማስተኛት እንደሚገባ የገባኝ ያኔ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብርሃኑ ነበር። ደመናው ሲወርድ መብራት አበራና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው እለያለሁ። በማግሥቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰማያዊ ካልኋቸው መካከል ግማሾቹ አረንጓዴ ሆነው ይገኛሉ። እንደገና አፈርስና እንደገና እጀምራለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

በመጨረሻ ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ ለምኜ፣ በመጋዝ ስንዝር ስንዝር የማይሞላ አድርጌ ቆረጥሁት። ቱቦዎቹን በማጣበቂያ እየደራረብሁ ከግድግዳው ጋር አስደገፍኋቸው። ማርከሮቹ ተጋድመው ገቡ፤ ከቢጫ ተነሥተው እስከ ጥቁር። ካርቶኖቹን ለእሳት ማቀጣጠያ አደረግኋቸው። ጣቶቼ ለሳምንት ያህል ቀለማቸው አልለቀቀም።

መስከረም ላይ መምህሬ መጡ። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡና «የወንዛዬን ካርቶን አምጪልኝ» አሉ።

«የቱን ካርቶን ጋሼ?»

«የወንዛዬን ነዋ። የፍል ውሃውን እንፋሎት የምሠራበትን።»

«ካርቶኖቹ የሉም። ማርከሮቹን በየቀለማቸው ለይቼ ደርድሬያቸዋለሁ። ይምጡ፣ ይዩት።»

ተነሥተው አፍንጫቸው ቱቦዎቹን እስኪነካ ተጠጉ። በጣታቸው የቱቦዎቹን አፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እያንዳንዱ ካርቶን አንድ ቦታ ነበር። ወንዛዬ፣ ጋፋት፣ የሐሙሲት ገበያ። ዓይኔ ደኅና ሳለ ቦታው ድረስ ሄጄ፣ ተቀምጬ፣ ከሁሉም እየሞከርሁ የመረጥሁት ነው። ዓይኔ ሲከዳኝ ካርቶኑን አንስቼ ሳልመርጥ እንድሠራ ብዬ። የካርቶኖቹን መጠን በእጄ አውቀዋለሁ።»

 ከሐፍረቱ ቀድሞ የመጣው ንዴቱ ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ልክ ነበሩ፤ ያም ይበልጥ አናደደኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረንጓዴውንና ቡናማውን፣ ግራጫውንም በከረጢት ተሸክሜ ጋፋት ድረስ መራኋቸው። ቢያንስ አንዱን ካርቶን መልሼ ልሠራላቸው ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ገብሱ ማሳ አፈጠጡ። እኔ አንዱን ማርከር ወረቀት ላይ አሰምርና አቀርብላቸዋለሁ።

«አይደለም» ይላሉ።

ሌላ አሰምራለሁ።

«አይደለም፤ ቀላ ይላል።»

ግማሽ ቀን ሙሉ «አይደለም» ስሰማ ዋልሁ። መሀል ላይ ካፊያ ወርዶ የሞከርንበትን ወረቀት አበላሸው። በመጨረሻ ዘጠኝ ማርከሮች መረጡና ረክተው ተነሡ። ለእኔ ከዘጠኙ አንዱም ፊት ለፊቴ ያለውን ማሳ አይመስልም ነበር። ቢሆንም አዲስ የጫማ ካርቶን ፈልጌ ከተትሁላቸው፤ ወንዛዬንና ሐሙሲትን ግን ለመሞከር አቅሙም ልቡም አልነበረኝም። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ባለፍሁ ቁጥር የሰው ዓይን የሰረቅሁ ይመስለኝ ነበር።

በዓመቱ ባሕር ዳር ሄደው ሞራው ተገፈፈላቸው። ከተሻላቸው በኋላ ያለ ከዘራ መጡ። የጋፋትን ካርቶን ከፈቱና ወረቀት ላይ አሰመሩ።

«ይህን ማን መረጠው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ? ይህ እኮ ጋፋት አይደለም።»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዝናብ እየመታን።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። ከዚያ ወደ ቱቦዎቹ ዞረው ሰማያዊዎቹን አውጥተው መሞከር ጀመሩ። ሰማያዊ በዚህ ዓይነት ሰማያዊ ይሆናል ብለው ለስንት ዓመት ሳያስቡ እንደኖሩ ነገሩኝ። ሞራ ሁሉን ነገር ቀስ በቀስ ቢጫ ያደርጋል፤ የጀመራቸውም ከሚያስቡት በፊት ሳይሆን አይቀርም፤ የድሮዎቹም ካርቶኖች ቢኖሩ ኖሮ ምናልባት ሁሉም ስሕተት ነበሩ።

«እንኳን አፈረስሻቸው» አሉ በመጨረሻ።

ይህን ስሰማ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ስብሰለሰልበት የኖርሁትን ነገር ክዳን እንደሚገጥሙ ሁሉ በአንድ ቃል ዘጉት። ይቅርታ እንኳ የምጠይቅበት ነገር አልተዉልኝም። ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁና ጓሮ ቆሜ ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ካርቶኖቹን እንደ አዲስ እየሞሉ ነው፤ እኔ በቀለም የደረደርሁት ግድግዳ በየሳምንቱ ይሳሳል። ክዳን ከፍተው ይረሳሉ። የወይን ጠጁን ክዳን አረንጓዴው ላይ ይገጥማሉ። ስነግራቸው «አየሁት እኮ» ይላሉ፣ በአዲሱ ዓይናቸው ኮርተው። ባለፈው ቅዳሜ የሐሙሲትን ገበያ ጀምረው ሳይጨርሱ ሄዱ፤ ሃምሳ የሚሆን ማርከር አልጋዬ ላይ ተበትኖ ቀረ። የአንዱን ብርቱካናማ ክዳን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።